አንዲት ብር፣ ሁለት ዋጋ

ባለፈው ጊዜ ይህች ወረቀት ከቤት ወደ ቤት ስትዞር፣ አንድ ወንድማችን ስለ ነጋዴዎች የጻፈውን አብዛኞቻችን አንብበነዋል። ቁጣ ነበረበት፤ ቁጣውም እንዲያው ከመሬት የተነሣ አይደለም። ይሁን እንጂ «ነጋዴ ሁሉ ሌባ ነው» ብሎ መደምደም የተናደደን ሰው ያሳርፋል እንጂ ጥያቄውን አይመልስም። እኔ በበኩሌ ጥያቄውን ማጥበብ እፈልጋለሁ። ስለ ነጋዴ ሁሉ ሳይሆን ብር ስለሚገዛና ስለሚሸጥ ነጋዴ፣ ስለ ዕቃም ሁሉ ሳይሆን ስለ አንዲት ዕቃ ልናገር፤ ስለ ጠገራ ብር።

በ2013 ዓ.ም. ኅዳር ወር ተከዜን ተሻግረው ሐምዳይት ከደረሱት ብዙ ሺሕ ሰዎች መካከል አንዲት እናት ነበሩ። ስማቸውን አልጽፍም። ከቤታቸው የወጡት በለበሱት ልብስ ብቻ ነው፤ በመቀነታቸው ጫፍ ግን ከእናታቸው የወረሷቸውን ሦስት ጠገራ ብሮች ቋጥረው ነበር። ወንዙን ተሻግረው ገና እግራቸው ሳይደርቅ አንድ ሰው መጥቶ «ወርቅ ወይም ብር የያዘ አለ?» እያለ ሲጠይቅ አይተውት፣ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው ዝም አሉ። ከወራት በኋላ ግን የልጅ ልጃቸው ታመመና በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ያልተገኘ መድኃኒት ከውጭ መግዛት አስፈለገ። «መምህር፣ አንተ ሒሳብ ታውቃለህ፤ ዐረብኛም ትሞክራለህ፤ ገዳሪፍ ድረስ ውሰደኝ» አሉኝ። ሄድን።

የገባንበት ሱቅ ባለቤት ጨዋ ሰው ነበር። ይህን የምለው ለምፀት አይደለም። ሻይ አስመጣልን፤ እሳቸውን «ያ ኻላ»፣ እኔን «ያ ኡስታዝ» እያለ አናገረን። ብሮቹን አንድ በአንድ ድንጋይ ላይ ጣል እያደረገ ድምፃቸውን ሰማ፤ በትንሿ ሚዛን መዘናቸው፤ ከዚያም በሒሳብ መኪናው ላይ ቁጥር ጽፎ ወደ እኛ አዞረው። «የከስር ዋጋ ነው» አለ። ከስር ማለት ስብርባሪ ማለት ነው። ቀና ስል ከራሱ በላይ ባለው የመስተዋት ሣጥን ውስጥ፣ ቁርጥ የእኚህን እናት ብሮች የመሰሉ ብሮች ቀለበት ተበጅቶላቸው በሐብል ተንጠልጥለው አየሁ። ዋጋቸውን ጠየቅሁት። የአንዷ መሸጫ ለሦስቱ ሊሰጠን ካሰበው ገንዘብ ይበልጥ ነበር።

«እነዚያ ጌጥ ናቸው፤ እነዚህ ስብርባሪ ናቸው» አለኝ። አልተቆጣም፤ ለተማሪ እንደሚያስረዳ ሰው ነበር የተናገረው።

እናትየው ተከራክረው፣ ተነሥተው፣ መልሰው ተቀምጠው፣ በመጨረሻ ሁለቱን ሸጡ። ሦስተኛዋን ወደ መቀነታቸው መለሷት። ስለ እርሷ ኋላ እመለስበታለሁ።

ለመሆኑ ይህች ብር ምንድን ናት? አባቶቻችን ማዕድኑንም ገንዘቡንም በአንድ ቃል «ብር» ብለው መጥራታቸው ያለ ነገር አይደለም፤ ለእነርሱ ገንዘብ ማለት ማዕድኑ ራሱ ነበር። በብሯ ፊት ላይ ያሉት ሴት የኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ናቸው። የሞቱት እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተመታው ብር ሁሉ ያንኑ ዓመተ ምሕረት ይዞ ቀረ። ዐረቦቹ በጀርባዋ ስላለው ንስር «አቡ ተይር»፣ ባለወፉ፣ ይሏት ነበር። ክብደቷ 28 ግራም ከጥቂት ሲሆን፣ ከሺሕ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው፤ ስለዚህ በአንዲት ጠገራ ውስጥ ያለው ንጹሕ ብር 23 ግራም ከ39 ሳንቲ ግራም ያህል ይሆናል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር ግን ይህች «የጥንት» ብር በጣም ብዙ ጊዜ ጥንታዊ አለመሆኗን ነው። የቪየና ገንዘብ ማተሚያ ቤት መላውን 19ኛ መቶ ዓመት ሲመታት ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1935 ሙሶሊኒ አገራችንን ለመውረር ሲሰናዳ ማተሚያውን ከኦስትሪያ ወስዶ ሮማ ላይ አስመታ፤ ከዚያ በኋላ እንግሊዞችም በለንደን፣ በበርሚንግሃምና በቦምቤይ መቱ፤ ፓሪስና ብራስልስም እንዲሁ። ሁሉም 1780 ይላሉ። ቪየና ዛሬም ታወጣታለች፤ ለገበያተኛ ሳይሆን ለሰብሳቢና ብር ለሚያጠራቅም ሰው። ስለዚህ አንዲቱ በሴት አያታችን መቀነት፣ ሌላይቱ በአውሮፓዊ ሰብሳቢ መሳቢያ ውስጥ ብትገኝ፣ ሁለቱ እኅትማማች ናቸው። አንዳንድ ሰብሳቢዎች የትኛዋ የት እንደተመታች በንስሩ የጅራት ላባና በእቴጌይቱ የራስ ጌጥ ዕንቍዎች ይለያሉ። አያቶቻችንም ዕንቍዎቹን ይቆጥሩ ነበር፤ ዕንቍው የደበዘዘ ብር ገበያ ላይ ያስመልሳል። አንዱ የሚቆጥረው ለዕውቀት፣ ሌላው እንዳይታለል ነበር፤ ቆጠራው ግን አንድ ነው።

የአውሮፓውን ሰብሳቢ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እርሱም ከነጋዴ ጋር ይኖራል፤ እርሱም ይጎዳል። በኦስትሪያ፣ በአሜሪካ፣ በካናዳ መንግሥታት ዛሬ ከንጹሕ ብር አዳዲስ ሳንቲሞች ይመታሉ። የአሜሪካው ንስር እ.ኤ.አ. በ1986፣ የካናዳው የሜፕል ቅጠል በ1988፣ የቪየናው ፊልሃርሞኒክ በ2008 የብር ሳንቲም ሆነው ወጡ። ነጋዴው እነዚህን ሲሸጥ በማዕድኑ ዋጋ ላይ ጭማሪ ያደርጋል፦ ለማተሚያው፣ ለማጓጓዣው፣ ለራሱ ትርፍ። ሣጥንና የምስክር ወረቀት ካለው፣ «የወጣው በቍጥር ነው» ከተባለም ጭማሪው ያድጋል። ሰብሳቢው ከዓመታት በኋላ ተቸግሮ መልሶ ሲወስደው ግን ያው ነጋዴ ሣጥኑን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ሚዛኑን ያቀርብለታል። ሲገዛ ሥነ ጥበብ የነበረው፣ ሲሸጥ ማዕድን ይሆናል። «እነዚያ ጌጥ ናቸው፤ እነዚህ ስብርባሪ ናቸው» የሚለው ቃል በቪየናም በገዳሪፍም ይነገራል ማለት ነው።

ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? የዚያ አገር ሰብሳቢ መግዣውንም መሸጫውንም በአንድ ሠሌዳ ላይ ያያል። አንዱ ሱቅ ካልጣመው ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ካልፈለገ ቤቱ ያስቀምጠዋል። ሲከስር እንኳ ዐይኑ እያየ ነው። እኛ ግን የምንሸጠው የመመለሻው መኪና ሳይነሣ፣ ሕፃኑ ሳይብስበት ነው። ሰብሳቢ ብር የሚይዘው ስለሚወድ ነው። የእኛ እናቶች የያዙት ስለሚፈሩ ነው፤ ነገር ግን ሳያውቁት እነርሱም ሰብሳቢዎች ናቸው፤ ነጋዴ በሚያወጣው ዋጋም ንብረታቸው ይጠፋል ወይም ይተርፋል። ሁሉም ነገር በከስር ዋጋ የሚገዛ ከሆነ ሁሉም ነገር ወደ ማቅለጫው ይሄዳልና። በዚያን ዕለት በነጋዴው ሳሕን ላይ ከተሰባበረ ድሪና አልቦ መካከል አንድ የዐፄ ምኒልክ ብር፣ አንበሳው ሰንደቁን እንደያዘ፣ ተጋድሞ አይቻለሁ። ለሚያውቀው ሰብሳቢ የያዘው ብር ከሚያወጣው በላይ ይከፈልበታል። ለሚዛኑ ግን 28 ግራም ብቻ ነበር።

ከገዳሪፍ ስንመለስ ስልክ ያለው አንድ ወጣት የዓለሙን የብር ዋጋ አወጣልኝ። አባዛሁ፤ አካፈልሁ። ነጋዴው የከፈለው በብሮቹ ውስጥ ካለው ንጹሕ ብር ዋጋ ከግማሽ በታች ነበር። ያን ሌሊት በልቤ «እውነተኛው ዋጋ ይህ ነው፤ ከዚህ በታች የከፈለ ሰርቋል» ብዬ ፈረድሁ። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

ግን አላለቀም። «እውነተኛ» ያልሁት ዋጋ ራሱ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1980 ሀንት የሚባሉ አሜሪካውያን ወንድማማች ባለጸጎች ብሩን እየሰበሰቡ ዋጋውን ሰቅለውት፣ በጥር ወር አንድ አውንስ 50 ዶላር ሊነካ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ በማርች 27 ቀን ወደ 11 ዶላር ገደማ ወደቀ። በዚያ ወራት በብዙ አገር ሰው የቤቱን የብር ማንኪያ እያወጣ ለማቅለጫ ሸጧል። ማንኪያው በጥርና በመጋቢት መካከል አልተለወጠም። እንግዲህ የለንደኑ ወይም የኒውዮርኩ ቍጥር ከሰማይ የወረደ ሚዛን አይደለም፤ እርሱም የነጋዴዎች ቃል ነው፤ ብዙ ነጋዴዎች በግልጽ ስለተናገሩት ብቻ ይሻላል።

የራሳችንም ታሪክ ይህንኑ ይመሰክራል። ዐፄ ምኒልክ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ፓሪስ ላይ አስመትተው ያስመጡት ብር በክብደትም በጥራትም ከጠገራው የሚተካከል ነበር። ሆኖም በብዙ ገበያ ሰው ጠገራውን መረጠ። ማዕድኑ እኩል፣ ዋጋው እኩል አይደለም፤ ያመነውን ፊት ፈለገ። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ወረቀት ገንዘብ ሲወጣ ደግሞ ሃምሳ ሳንቲሟ ከመቶ ሰማንያ እጅ ብር ሆና ወጣች፤ ብሩን ያበደረው የአሜሪካ መንግሥት ነው። ብር ከእጁ ለማያወጣ ሕዝብ ወረቀት ብቻ መስጠት አስቸጋሪ ነበርና። እንግዲህ አያቶቻችን ራሳቸው ከማዕድኑ በላይ የሆነ ነገር ሲከፍሉና ሲቀበሉ ኖረዋል። «ዋጋ ማለት ማዕድኑ ነው» ብዬ ነጋዴውን ብከሰው፣ አያቴ ራሷ ትስቅብኛለች።

ነጋዴውም የሚለው አለው፤ ልስማው። ቆርቆሮና እርሳስ ቀላቅለው የተሠሩ የሐሰት ብሮች ገበያ ውስጥ አሉ፤ አንዱን ቢገዛ ኪሳራው የእርሱ ነው። መዳቡን ከብሩ ለመለየት እሳትና ባለሙያ ያስፈልገዋል። የሱዳን ፓውንድ በእጁ ላይ እየቀለጠ፣ ከ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ወዲህ ደግሞ ጦርነት መንገዱን ሁሉ ኬላ አድርጎበት፣ ዛሬ የገዛውን መቼ እንደሚሸጥ አያውቅም። እርሱ ባይኖርስ እኚያ እናት በዚያን ቀን መድኃኒቱን በምን ይገዙ ነበር? ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። በመግዣና በመሸጫ መካከል ልዩነት መኖሩ ኃጢአት አይደለም፤ እንጀራው ነው።

ታዲያ በደል የለም? አለ፤ የተቀመጠው ግን በቍጥሩ ላይ አይመስለኝም።

በኮሌጅ ሳለሁ አንድ መምህራችን ያነሣልን የነበረ የቆየ ጥያቄ አለ። ሮማዊው ሲሴሮ «ስለ ግዴታዎች» በሚለው መጽሐፉ ሦስተኛ ክፍል የጻፈው ነው። በሮድስ ደሴት ረኀብ ገብቷል። አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ቀድሞ ደረሰ። ሌሎች መርከቦች ከኋላው እየመጡ መሆናቸውን በዐይኑ አይቷል፤ የደሴቱ ሰዎች ግን አያውቁም። ይንገራቸው ወይስ ዝም ብሎ በረኀቡ ዋጋ ይሽጥ? ከፈላስፎቹ አንደኛው «ሕጉ ከሚያዘው በላይ የመናገር ግዴታ የለበትም፤ ዝም ማለት መዋሸት አይደለም» ይላል። ሌላው «ሰው ለሰው የተፈጠረ ነው፤ የምታውቀውን ከወንድምህ ልትሰውር አይገባም» ይላል። ሲሴሮ ወደ ሁለተኛው ያደላል። ተማሪ ሳለን ተከራክረንበት ስቀን ተለያይተናል። ያን ጊዜ ለእኛ ረኀቡም መርከቡም ተረት ነበር።

እዚህ አገር ግን ጥያቄው ተረት አይደለም፤ የአገሩ ሰዎች ሃይማኖትም ከጥንት ጀምሮ መልሶለታል። በእስልምና ሕግ፣ ከከተማ ወጥቶ ዕቃ ጭኖ የሚመጣውን ቅፍለት ገበያ ሳይደርስ መንገድ ላይ ተቀብሎ መግዛት የተከለከለ ነው፤ መጭው የገበያውን ዋጋ አያውቅምና። እንዲያ ተደርጎ ከተገኘ ባለዕቃው ገበያ ደርሶ ዋጋውን ሲያውቅ ሽያጩን ሊያጸናው ወይም ሊያፈርሰው ይችላል። ሐምዳይት ላይ «ወርቅ ወይም ብር የያዘ አለ?» ይል የነበረውን ሰው አስታወሳችሁት? ሃይማኖቱ እንደማይፈቅድለት ሊነግሩት የሚችሉ ሰዎች አጠገቡ ነበሩ።

የእኛም ሕግ ዝም አላለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1710፣ አንዱ ተዋዋይ ከሌላው በጣም የበለጠ ጥቅም ማግኘቱ ብቻውን ውልን እንደማያፈርስ ከገለጸ በኋላ፣ የተጎጂው ፈቃድ የተገኘው ችግሩን፣ የአእምሮውን የዋህነት፣ እርጅናውን ወይም በግልጽ የሚታይ የንግድ ልምድ ማጣቱን መጠቀሚያ በማድረግ ከሆነና ፍትሕ የሚያስገድድ ሲሆን ውሉ ሊፈርስ እንደሚችል ይደነግጋል። ልብ በሉ፤ ሕጉ ትክክለኛውን ዋጋ አልነገረንም፤ ፈቃዱ እንዴት እንደተገኘ ነው የሚጠይቀው።

እንግዲህ ወደዚህ ደርሻለሁ። ነጋዴ የሚበድለው ዝቅ አድርጎ ሲገዛ ሳይሆን፣ ሁለቱን ዋጋ እርሱ ብቻ እያየ ሻጩ አንዱን ብቻ እንዲያይ ሲያደርግ ነው። በዚህ መለኪያ ያ የገዳሪፍ ሰው፣ የሚገርመው፣ ከጠበቅሁት ይልቅ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። መስተዋቱ ከራሱ በላይ ነበር፤ ዋጋውን ስጠይቀው አልደበቀኝም። ከወንዙ ዳር ያለው ሰው ግን መስተዋት የለውም።

ስለዚህ ለሰፈራችን አንድ ነገር አሳስባለሁ፤ ከፍልስፍናው ይልቅ ይህ ሳይጠቅም አይቀርም። በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ በየሳምንቱ የብርና የወርቅ የዓለም ዋጋ በጠመኔ ይጻፍ። ስልክ ያላቸው ልጆች ያወጡታል። ብር አንድ አውንስ 30 ዶላር ሲሆን በጠገራይቱ ውስጥ ያለው 22 ዶላር ተኩል፣ 50 ዶላር ሲሆን 37 ዶላር ተኩል ያህል ያወጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ኦክቶበር ወር ዋጋው 50ን አልፏል። ነጋዴው ይህን ሁሉ አይከፍልም፤ አይጠበቅበትምም። ነገር ግን ሻጩ ምን ያህል እንደተወለት ያውቃል።

አሁን ወደ ሦስተኛዋ ብር።

ከገዳሪፍ በተመለስን በጥቂት ሳምንት እናትየው እኔ ዘንድ መጡ። ልጁ ድኗል፤ የዱቤ ዕዳ ግን ቀርቶባቸዋል። «ይቺን ለዚያ ሰው ከምሰጣት አንተ ውሰዳት። እሱ የሰጠኝን ስጠኝ» አሉኝ። በዚያን ጊዜ የዓለሙን ዋጋ አውቃለሁ፤ ባዛሁበት ወረቀት በደብተሬ ውስጥ ነበር። ነጋዴው የሰጣቸውን፣ ትንሽ ጨምሬ፣ ሰጠኋቸው። ጨምሬ መስጠቴ ደስ አሰኝቶኛል። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ፤ ምርቃቱ ረጅም ነበር፤ አሜን እያልሁ ተቀበልሁ።

ለራሴ የነገርሁት ብዙ ነው። ደመወዜ የበጎ ፈቃድ አበል እንጂ ደመወዝ አልነበረም። ዋጋውን ያወጡት እርሳቸው ናቸው። እኔ ዘንድ ብትሆን አትቀልጥም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ማታ ማታ አወጣትና በአውራ ጣቴ ጠርዟን እዳስሳለሁ፤ በላቲን ፊደል ዙሪያውን «ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ»፣ ፍትሕና ርኅራኄ፣ የሚል የእቴጌይቱ መፈክር ተቀርጾበታል። እንግዲህ ሰብሳቢ ሆኛለሁ፤ ባለ አንዲት ብር ሰብሳቢ። ነጋዴው ግን መስተዋት ነበረው፤ እኔ ደብተሬን ዘግቼ ነው የገዛሁት።

ልዩነቱን አስልቼ ገንዘቡን ብቻ ልሰጣቸው አስቤ ነበር። ግን የትኛውን ልዩነት? የዚያን ቀኑን ወይስ የዛሬውን፣ ከዚያ ወዲህ ብር ከተወደደ በኋላ? ባሰላሁ ቍጥር ለራሴ የሚመች ቍጥር እያወጣሁ ያዝሁት። የቅፍለቱ ሕግ የሚሻለው እዚህ ላይ ነው፤ ገዥው እንዲያሰላ አይፈቅድለትም። ዋጋውን ነግሮ ዕቃውን ባለቤቱ ፊት ያስቀምጣል፤ የሚመርጠው ባለዕቃው ነው።

እናትየው ማንበብ አይችሉም። ያ ታሞ የነበረው የልጅ ልጃቸው ግን አሁን አድጎ እኔው ዘንድ ይማራል፤ ይህችን ወረቀት በወጣች ቍጥር ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያነብላቸው እርሱ ነው። ይህን የምጽፈው ማክሰኞ ማታ ነው። ወረቀቷ ዓርብ ትዞራለች። ነገ ከክፍል በኋላ ብሯንና ደብተሩን ይዤ ወደ ቤታቸው እሄዳለሁ።